አባቴን ከሜዳ አንሱልኝ

ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለአንድያ ልጄ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሳይደክመው ቤትሽ ይግባ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርድ አታስነኪው። ስለኔ ከሆነ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ገልበጥ አድርገሽ ከሥሩ ሌላ ነገር አትፈልጊበት።

ስልክ ለምን አያነሳም ብለሽ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ደውለሽ ነበር አሉ። ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ። አላነሳሁትም። በስልክ ገና አፌን ስከፍት "እሺ አባዬ፣ ገባኝ አባዬ፣ ግን እኮ አባዬ" እያልሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት ላይ ማን ያቋርጠኛል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፤ ይኸው ዛሬ ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል።

ጽሑፉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል ብለሽ ደግሞ ነገር አታብዢ። ድሮም ፊደል ስቆጥር ትዕግሥት አልነበረኝም። ወረቀቱም ይሸሻል። ግራ እጄን ያዝልኝ ብዬ ባስቀምጠው ሥራውን ረስቶ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ የስኳሩን ጣሳ ጭኜበታለሁ። ጣሳ ይሻላል፤ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው።

አንቺ ልጅ፣ "አባቴን ከሜዳ አንሱልኝ" ብለሽ ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጽፈሻል። አንሱልኝ! የሚነሳ ዕቃ ነው። የሚነሳ የተሰበረ ወንበር ነው፣ የደረቀ ግንድ ነው። እኔ በዚያ የጎልፍ መለማመጃ ላይ ከአንቺ ዕድሜ በላይ ቆሜአለሁ። የሰው ዱላ ተሸክሜ ገብቼ፣ ዱላ አሰነዛዘር አስተማሪ ሆኜ የቀረሁ ሰው ነኝ። የምስክር ወረቀት የሰጠኝ የለም። ያስተማርኳቸው ሰዎች ኳሳቸው ቀጥ ብላ ስለሄደች ብቻ ነው "ጋሼ" ያሉኝ። ይህንን ደግሞ ከማንም በፊት የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ነበርሽ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቶ ወንበር አቀረበልኝ። ወንበር ሲያቀርብልኝ ነው የጠረጠርኩት።

"ጋሼ፣ ልጅዎ በጣም ትወድዎታለች" አለኝ።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ኧረ ማንም! እንዲያው እረፍት እንዲያደርጉላት ትፈልጋለች።"

"ደከመኝ ብዬ ነግሬሃለሁ?"

"ቪዲዮውን አይታ ነው እኮ ጋሼ። ሲወድቁ የተቀረጸውን።"

"ማነው የላከላት?"

ይህን ስለው የመስኮቱን መጋረጃ ማስተካከል ያዘ።

ስለ መውደቁ ከሆነ ከኔ ስሚው። ያቺን መድኃኒት ቤት ያላትን ሴትዮ እያስተማርኩ ነበር። ሰው ጥሩ ናት፤ ግን ቀኝ እግሯ ላይ ተኝታ ትቀራለች። ዱላውን ወደ ኋላ ስታነሳ ክብደቷ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ደግ፣ መሄድ አለበት። ለመምታት ስትወርድ ግን አይመለስላትም። ግራ እግሯ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀራል። ዱላዋ አንዴ አፈር ይልሳል፣ አንዴ ኳሷ ወደ ቀኝ ትኮበልላለች።

"እመቤቴ፣ ክብደት እንግዳ ነው" አልኳት። "በቀኝ በር አስገቢው፣ አታሳድሪው፣ በግራ በር ሸኚው።"

"ጋሼ፣ የኔ እንግዳ እራቱን ሳይበላ አይወጣም" ብላ ሳቀች። "እስቲ እንዴት እንደሚሸኝ ያሳዩኝ።"

ላሳያት ቆምኩ። ዱላዬን አነሳሁ፣ ቀኝ እግሬ ተቀበለ። ወረድኩ፣ መታሁ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። ይህን ማንም አልነገረሽም፤ ኳሷ እኮ ቀጥ ብላ ነው የሄደች! ከዚያ እንደ ልማዴ በግራ እግሬ ላይ ቆሜ እስክታርፍ ልጠብቃት ስል፣ ግራ እግሬ የለም። አለ፤ ግን የለም። እንደ ጆንያ ተዘረገፍኩ። የምንመታበት ምንጣፍ ነው ያዳለጠኝ። ሴትዮዋ ዱላዋን ጥላ "ወይኔ ጋሼ!" እያለች ስታነሳኝ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እኔ ግን "አየሽው? እንዲህ አይደለም" አልኳት። ምን ልበል?

ቪዲዮው በደረሰሽ ማግስት ቃልሽ ቢሮ ደረሰ። ፈጠንሽ። እናትሽ የሞተች ጊዜ ውድድር ላይ ነኝ፣ ስጨርስ እመጣለሁ ብለሽ ነበር፤ ይኸው እስካሁን አልጨረስሽም። እሷ ብትኖር "ተዋት፣ ልጅቷ ሥራ ይዛ ነው" ትለኝ ነበር። የክለቡን ፎጣ ስታጥብ መዳፏ የተላጠ ሴት፣ ለሁሉም ሰው ምክንያት ታበጅለት ነበር። እኔ ምክንያት ማበጀት አልችልበትም። ልጅ ሳለሽ ጫማሽን አስወልቄ በአንድ እግር ሳስመታሽ፣ ፎጣ ከምታሰጣበት ገመድ ሥር ሆና "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ዶሮ አደረግካት እኮ!" እያለች ትስቅ ነበር። አንቺም በአንድ እግርሽ እንደቆምሽ እንደ ዶሮ ትጮኺላታለሽ። ያ ዶሮነት ነው ዛሬ ሰው አገር ያቆመሽ።

ሥራ አስኪያጁን "መቆም የማልችል መሆኔን ማን መዘነው?" አልኩት። አፌ ነው ያመጣብኝ። ምክንያቱም የሚመዝን ነገር አለ። አዲሱ አሰልጣኝ ያመጣው ሰሌዳ ነው። ልጁን ባለ ሰሌዳው ነው የምለው፤ ከዚያ ዕቃው አይለይማ። ሰሌዳው ጠፍጣፋ ጥቁር ነገር ነው፤ ሲቆሙበት ክብደት በየትኛው እግር እንደተኛ፣ ወዴት እንደሄደ በስክሪን ላይ ያወጣዋል። አንቺ እዚያ በዚሁ ዕቃ ጎልፍ ስታስተምሪ ስለምትውዪ አላስረዳሽም።

"እንግዲያው ሰሌዳው ይፍረድ" አልኩት።

"ጋሼ፣ ተዉት ይሄን።"

"ፈራህ?"

ሰውዬው ራሱን አከከና እሺ አለ። ክብደቴ ወደ ግራ ሲሻገር ከታየ ቦታዬ የኔ ነው፣ ለአንቺም እሱ ይመልስልሻል። ካልታየ ዱላዬን ሰቅዬ ቤቴ እገባለሁ። ተጨባበጥን። በቀኝ እጄ ነው የጨበጥኩት፤ እሱ ደህና ነው።

አሁን የምነግርሽን ስታነቢ ማጭበርበር ነው ትያለሽ። አይደለም። ዱላ ጭንቅላቱ ሲቀለው ምን እናደርጋለን? እርሳስ እንለጥፍበታለን፤ የሚጽፈውን ሳይሆን ያን ከባዱን፣ ጀርባው ሙጫ ያለበትን። ሚዛኑን አስተካከለ ይባላል እንጂ አጭበረበረ የሚለን የለም። እኔም ግራዬ ትንሽ ቀሎኛልና፣ ከግራ ጫማዬ የውስጥ ገበር ሥር እርሳሱን ደራርቤ ለጠፍኩት። ጫማው ሲቀመጥ ጧ ይላል። አድርጌው እስከ ክለቡ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ብዬ ነው የመለስኩ።

ሰሌዳው ላይ ወጣሁ። እግሬን በትከሻዬ ልክ ከፈትኩ፣ ጉልበቴን ላላ አደረግኩ፣ ክብደቴን ተረከዝም ሳይሆን ጣትም ሳይሆን መሐል ላይ አስቀመጥኩ፤ አንቺን እንዳስተማርኩሽ። ስክሪኑ እኩል በእኩል አለ።

"ጎሽ ጋሼ!" አለ ሥራ አስኪያጁ። እውነቱን ነው፣ ደስ ብሎታል።

"ይኸው!" አልኩት። "ለልጄ ይሄንን ላክላት።"

ባለ ሰሌዳው ግን ስክሪኑን ትቶ ጫማዬን ያያል።

"ጋሼ፣ አሁን ይምቱ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ዱላውን አነሳሁ። ቀኝ ተቀበለ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ በፊት ቆይቼበት አላውቅም። ወረድኩ። ልጄ፣ እርሳስ የቆመን ሰው ያከብደዋል እንጂ ማንንም አያሻግርም። ግራ ጫማዬ መሬቱ ላይ እንደ ተቸነከረ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ከላይ፣ ቀኝ እግሬ ላይ እንደ መድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ተኝቼ ቀረሁ። ኳሷን አልነካኋትም። እዚያው ቦታዋ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ልገለበጥ ስል ባለ ሰሌዳው ከብብቴ ሥር ገብቶ ደገፈኝ።

"ምን አወጣ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ባለ ሰሌዳው በአንድ እጁ እኔን እንደያዘ በሌላው ስክሪኑን ነካ አደረገው። ጨለመ።

"ተበላሽቷል" አለ። "ሰሞኑን እንዲህ እያደረገ አስቸግሮኛል። መጀመሪያ ያሳየው ትክክል ነው፤ የኋለኛው ግን አይታመንም።"

"እንግዲያው ጋሼ ይቀጥላሉ" አለ ሥራ አስኪያጁ፤ እፎይ ብሎ ወደ ቢሮው ሮጠ።

ባለ ሰሌዳው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ የጫማዬን ክር እጎትታለሁ፣ ክሩ ይቋጠራል። ሳይጠይቀኝ ተንበርክኮ ፈታው። እርሳሱን ከገበሩ ሥር ላጠና በመዳፉ ያዘው።

"ይሄን አድርገው ነው ከቤት የመጡት?"

"አዎ፤ ምን አለበት?"

"በእግርዎ? አይከብድም ጋሼ?"

"አልተሰማኝም" አልኩት።

ልጁ እርሳሱን በመዳፉ መዘነው። ምላሴ ነው ያዳለጠው። አየሽ፣ በዚህ ሰሞን የማያዳልጥ ነገር የለም።

"ቪዲዮውን የላክሁት እኔ ነኝ" አለኝ ቀና ሳይል። "ለክለቡ አልነበረም፣ ለእሷ ብቻ ነው። ትመጣለች ብዬ ነበር።"

ትመጣለች ብዬ! ልጅ ነው፣ አያውቅሽም።

"ከሳሽም አንተ፣ ጠበቃም አንተ!" ብዬ ጮኽኩበት። "አሁንስ ለምን ዋሸህ?"

"እርስዎ ሲነሱ ማየት አልፈለግኩም። ክብደት እንግዳ ነው፣ በቀኝ አስገብተህ በግራ ሸኘው፤ እኔ ሙያውን የጀመርኩት በዚህች ቃል ነው።"

"ከማን ሰማሃት?"

"ከልጅዎ። በኢንተርኔት በምታስተምረው ትምህርት ሁሉ ላይ ትላታለች።"

"አባቴ ያላት ናት ትላለች?"

እርሳሱን እንደ ብራና መጠቅለል ጀመረ። መልሱ ያ ነው።

ልጄ፣ ቃሏን ውሰጃት። ውርስ ናት፤ ሌላ የማወርስሽም የለኝ። ግን "አባቴ ነው ያለው" ብትዪ ምላስሽ ይቆረጥ ነበር? አባትሽን በስም መጥራት ያሳፈረሽ አገር ደርሰሽ፣ ከዚያ ሆነሽ ከሜዳ አንሱልኝ ትያለሽ። መቼ አስቀመጥሽኝና ነው የምታስነሺኝ?

ይቅር። ተናደድኩ። ጣሳውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐኪም ቤት ሂድ ብለሻል። ሄጃለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጎትታ ወሰደችኝ፤ ስኒው በተሰበረ ቁጥር ከግድግዳው ማዶ ስለምትሰማ ነው። ሐኪሟ አንቺን የምታህል ልጅ ናት። ዓይኔ ላይ ባትሪ አበራች።

"ፈገግ ይበሉልኝ አባባ።"

"ምን የሚያስቅ ነገር አለ?"

"ግድ የለም፣ ፈገግ ይበሉ።"

አልኩላት።

"በሁለቱም በኩል" አለችኝ።

በሁለቱም በኩል! እኔ እናትሽን ከቀበርኩ ወዲህ በአንድ በኩልም የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስ። ከዚያ ሁለት እጅዎን ዘርግተው ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ። ስገልጥ ግራው ወርዶ ጭኔ ላይ ተቀምጧል። ሳልነግረው! "ደክሞት ነው" አልኳት። እሷ ስለ ጭንቅላት ደም ሥር ማውራት ጀመረች፤ አንዱ ተዘግቶ አልፏል፣ ሌላው ሊከተል ይችላል፣ ተኝተው መታየት አለብዎ አለች።

"ቤተሰብ ይጥሩ። አለዎት አይደል?"

"አለ" አልኳት።

"የት ነው ያለው?"

ኮፍያዬን አድርጌ ወጣሁ። ይኸው ሐኪም ቤትሽ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ አስኪያጁ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ የባለ ሰሌዳው ውሸት ሲያገላብጠኝ አደረ። ሰው ዋሽቶልኝ የምቆም ሰው አይደለሁም። መቆም ማለት ማንም ሳይደግፍሽ ነው፤ ሕይወቴን ሙሉ ይህችን ብቻ ነው ያስተማርኩ።

"ሰሌዳው ደህና ነው" አልኩት።

"ልጁ ተበላሽቷል አለ እኮ ጋሼ።"

"ልጁ ርኅሩኅ ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ እኩል የመጣው በእርሳስ ነው።"

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን የሚጥልበት ቦታ ጠፋው።

"ለማንም አልናገርም" አለኝ። "ወንበር እናድርግልዎ። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ያስተምሩ፤ ተማሪዎቹ ይወዱዎታል።"

"ቁጭ ብዬ መቆም ላስተምር?"

ለእናንተ ለተማራችሁት ይሆን ይሆናል፤ እኔ ግን በቃል አላውቀውም። የማውቀው በእግሬ ነው። እግሬ ሲረሳው እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም። ያቺ መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ ነገ መጥታ "ያሳዩኝ" ብትለኝ፣ ምን ላሳያት ነው? ባለ ሰሌዳው ተረክቧታል። ትናንት በአጥሩ በኩል ሳልፍ አየኋቸው። አሁንም ቀኝዋ ላይ ተኝታለች። ልጁ ተረከዟን በዱላ ጫፍ እየነካ "ሸኚው፣ ሸኚው!" ይላታል። አንዷን ኳስ ጥሩ አድርጋ መታቻትና ዘወር ስትል አጥሩ ጋ አየችኝ፤ እጇን ልታነሳ ስትል ፊቴን መልሼ ሄድኩ። ለምን እንደመለስኩ አላውቅም። ደግ ሴት ናት።

እንግዲህ በደንብ ስሚኝ፦ ከሜዳ ያነሳሽኝ አንቺ አይደለሽም። ሥራ አስኪያጁም አይደለም። ራሴ ነኝ የወጣሁት፣ በሩን ራሴ ነኝ የዘጋሁት። ለሰው ስታወሪ እንደዚህ ብለሽ አውሪ።

እኔ ጋ መጥቶ ይኑር ብለሽም ጽፈሻል። አልመጣም። መጥቼ ምን ልሁን? ተማሪዎችሽ ሲገቡ ሲወጡ ጥግ ላይ የሚያዩት ሽማግሌ? "ይህ ማነው?" ቢሉሽ ምን ትያቸዋለሽ? ደግሞ ያንን ሁሉ ባሕር በአየር ላይ መሻገር ለኔ አይሆንም። እኔ እዚህ ደህና ነኝ። ግድግዳ አለ፤ ከአልጋዬ እስከ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት እስከ ደጅ በቀኝ እጄ በኩል ግድግዳ አይጠፋኝም። ስመለስ ብቻ ነው ግድግዳው በግራ የሚሆነው፤ ያኔ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ እገባለሁ። ሰው ምን ይለኛል? ቤቴ ነው።

ብዙ ጻፍኩ፣ እጄም ደከመ፤ ቀኙ ነው የደከመ፣ ለሁለት እየሠራ ስለሆነ። ከዚህ በላይ በቁጣ የጻፍኩት ካለ ቁጣውን አንቺ አትቁጠሪው፣ ፈጣሪም አይቁጠርብሽ። እግርሽ የረገጠው መሬት ይጽናልሽ። ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ። የምታስተምሪው ሰው ይባረክልሽ፣ ከልጅ ሐፍረት ከወላጅ እርግማን ይሰውርሽ። እናትሽ ካለችበት ሆና ትመርቅሽ፤ የሷ ምርቃት ከኔ ይቀላል፣ ቶሎ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። የደጁን በር በቀን መቆለፍ ትቻለሁ። ሌባ የሚወስደው የለኝም። ሰው መጥቶ ሲያንኳኳ እስክነሳ ድረስ ይቆያል፤ ብዙው ሰው ደግሞ አይጠብቅም፣ የለም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ማንኳኳት አያስፈልግም። ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል። እንድትመጪ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። እንድታውቂው ነው።

አባትሽ